የዓሣ ፋብሪካውና የእማዬ ማተብ

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ሳንድዊች ልሠራ የዓሣ ቆርቆሮ ስከፍት ያ የዘይትና የጨው ሽታ አፍንጫዬን መታው። ዓሣውን በሹካ ሳልበትን አልበላም። ልጄ ይስቅብኛል፤ እኔ ግን የምፈልገውን አውቃለሁ።

አትላንታ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መሆኑ ነው፣ እማዬ ዶራቪል አጠገብ ዓሣ እያበሰለ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ተቀጠረች። አባቴ ሱዳን ሞቶብን ስለነበር የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነው። ስትመለስ በሎሚ ብትታሽም እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ሽታው ልብሴ ላይ እየቀረ ትምህርት ቤት «ድመቷ» ይሉኝ ጀመር። ግድ አልነበረኝም። የራሳችን ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል ያገኘነው በዚያ ሽታ ነው።

አንድ ቀን ወረቀት ይዛ መጣች። «ሳይን አድርጊ ብለውኛል፤ እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። የቤቱ እንግሊዝኛ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ ማሽን አጠገብ የሚሠራ ሁሉ ቀለበት፣ ጉትቻና አንገት ላይ የሚታሰር ነገር፣ ክርም ቢሆን፣ እንዲያወልቅ ያዛል። ዓይኔ «ክር» የሚለው ላይ ቀረ። የቀድሞ ሥራዋን፣ የሆቴል ልብስ ማጠቢያውን፣ የተወችው የክርስትና ማተብሽን አውልቂ ስላሏት ነበር፤ ያኔ ሦስት ወር ሙሉ የሰው ምድር ቤት ውስጥ ተጠግተን ከርመናል።

«ስለ ማተብ የሚል አለ?» አለችኝ፣ አንገቷን ያዝ አድርጋ።

«የለም። ቀለበትና ጉትቻ ብቻ ነው የሚለው።»

ፈረመች። ማተቧ ከነመስቀሉ ከጋዋኗ ኮሌታ ሥር ስለሚውል ማንም ልብ አላለውም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ክዳን የሚገጥመው ማሽን የአንዷን ሠራተኛ የሻሽ ጫፍ ይዞ እስከ ብረቱ እንደጎተታት ነገረችኝ። «ጓደኛዋ ባታጠፋው አልቆላት ነበር» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ መስኮት ላይ እቆማለሁ። አውቶቡሱ ሲዘገይ የሚያልፉትን መኪኖች እቆጥራለሁ። እውነቱን ብነግራት ሥራዋን ትተዋለች፤ ዝም ብል ማሽኑ አለ። እናቴን የምገድላት እኔ ነኝ እያልኩ እውል ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርጋት የትምህርት ቤት መቀሴን አወጣሁ። ማተቡን ጨርሼ ብቆርጠው አዲስ ማሰሯ አይቀርም። ስለዚህ ቢጎተት ቶሎ እንዲበጠስ ከማጅራቷ በኩል የክሩን ውፍረት ግማሹን ብቻ ቆረጥኩ። የመቀሱ ጫፍ ቆዳዋን ነካው፤ አልነቃችም።

ሐሙስ ዕለት አውቶቡሱ መጥቶ አለፈ፤ እማዬ አልወረደችም። ከቀጣዩም አልወረደችም። መስኮቱን በትንፋሼ ጉም አልብሼ አልቅሼ ልጨርስ ስል፣ አንገቷ ላይ ቀይ ሰንበር ይዛ መጣች። እንደነገረችኝ፣ ሥራ ላይ ጎንበስ ስትል መስቀሉ ከኮሌታዋ ወጥቶ ማሽኑ ያዘው፤ ጎተታት፤ ከዚያ ክሩ ተበጥሶ ለቀቃት። አለቃዋ የፈረመችበትን ወረቀት አውጥቶ፣ በጣቱ እየመታ፣ አንገቷን እያሳየ ጮኸባት። ካርቶን ወደሚሞላበት ክፍልም አዛወሯት። መስቀሉ አልተገኘም። በዚያ ሰዓት የታሸገው ሁሉ ተጥሏል አሉ፤ ሲጣል ግን ያየ የለም። እማዬ ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም።

አሁን እዚያው አትላንታ አካባቢ፣ ሊልበርን፣ አብረን ነው የምንኖረው። ቤታችን ዓሣ አይሸትም። ማሽኑ ሊውጠኝ ሲል መልአክ ማተቤን በጠሰልኝ እያለች ለልጄ ትተርክለታለች፤ እኔ ያን ጊዜ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ቅዳሜ ግን ዓሣውን ስበትን አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ ያኔ ወረቀቱን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተዪው» አለችኝ። «ክሩን እኮ አይቼዋለሁ። መልአኩ መቀስ ይዞ ነበር።»

ሹካውን አስቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ልጄ ዘንድሮ መኪና መንዳት ጀምሯል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ መስኮቱ ላይ የምንቆመው አሁን እኔና እማዬ ሁለታችን ነን።