የሻለቃው ልጅ

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሰፈር ስሙ ጡሩምባ ነው። ስሙን ሰምቶ የሚመጣ አዲስ ደንበኛ ምላሱ የማያርፍ ወሬኛ ሰው ይጠብቃል። ሲገባ የሚያገኘው ግን ነጭ ጋውን የለበሰ፣ «ይላጭ ወይስ ይስተካከል?» ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። እናቴ «ከዚህ ሰውዬ ወሬ ከማውጣት ድንጋይ ጨምቆ ውሃ መጠጣት ይቀላል» ትላለች።

እኔ ልጅ ሳለሁ ሆዴን አመመኝ ካልኩ አለቀ። ደንበኛውን ግማሽ ራሱን እንደተላጨ ወንበር ላይ ትቶ፣ እኔን አቅፎ ወደ ክሊኒክ ይሮጣል። ጥሬ ፍሬ በልቼ ይሁን፣ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ዋሽቼ ይሁን፣ ለእሱ ልዩነት አልነበረውም። ነርሷ ከሩቅ ስታየን «መጡ ደግሞ! ዛሬም ሆዷን ነው?» እያለች ትስቃለች። አባቴ አይስቅም። ሐኪሙ ሆዴን ከታች በቀኝ በኩል ተጭኖ «ምንም የለባትም» እስኪለው ድረስ ፊቱ አመድ መስሎ ይቆማል።

ምክንያቱን የነገረኝ እኔ ራሴ ሥራ ይዤ፣ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

አባቴ ልጅ በነበረበት ዘመን በከተማው አንድ የስካውት ቡድን ነበር። መሪውን ሰው ሁሉ ሻለቃ ይላቸዋል። ሻለቃ ይባሉ እንጂ የጦር ሜዳ አፈር ረግጠው አያውቁም፤ ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ወታደር ለመሆን ተመዝግበው በዓይናቸው ምክንያት ተመልሰዋል ይባላል። በውትድርና ያልሆነላቸውን በልጆች ላይ ተወጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ካኪ ቁምጣ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ መሀረብ አስረው፣ የእንጨት ጠመንጃ ተሸክመው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሰለፋሉ። ጫማው ያልተወለወለ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። በሰልፍ መሀል የሳቀ ሜዳውን በእንቁራሪት ዝላይ ይዞራል። ያለቀሰ ደግሞ ከሁሉም ፊት ቆሞ «እኔ ሴት ነኝ!» እያለ እንዲጮህ ይደረጋል። «ያኔ ትልቁ ስድብ እሱ ነበር» አለኝ አባቴ፣ እኔን ማየት አፍሮ። ወላጆች ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ እያወቁም ይመርቃሉ። አያቴም አባቴን እጁን ይዛ ወስዳ «ሰው ያድርጉልኝ፤ ዓይኑን ብቻ አደራ!» ብላ ነው ያስረከበችው።

አባቴ ትንፋሹ ረጅም ስለነበር ጡሩምባ ነፊ ሆነ። ልጆቹን ከእንቅልፍ የሚያስነሳው፣ ለሰልፍ የሚጠራው፣ ለቅጣት የሚሰበስበው እሱ ነበር። ስሙ ያኔ ወጣለት።

ሻለቃ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የአባቴ እኩያና የልብ ጓደኛ። ከመቅጠኑ የተነሳ ልጆቹ ሲባጎ ይሉታል። «ለልጁ ያደላል» እንዳይባሉ ነው መሰለኝ፣ ሻለቃ ከሁሉም ይልቅ የሚጨክኑት በእሱ ላይ ነበር። ሌላው አንድ ዙር ሲሮጥ ሲባጎ ሁለት ይሮጣል። ይህ በሜዳ ላይ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። አንድ ቀን አባቴ እነሱ ቤት ምሳ ተጠርቶ ሄደ። ሲባጎ ወንበሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ለመቀመጥ ይፈቀድልኝ፣ ጌታዬ?» አለ። አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። የሲባጎ እናት፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ዳቦ መቁረሳቸውን ቀጠሉ።

ሲወጡ አባቴ «አባዬ አትለውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«እለዋለሁ እንጂ» አለ ሲባጎ፤ «በሆዴ።»

ትምህርት በተዘጋ ጊዜ ቡድኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ሰፈረ። በማግሥቱ ጠዋት ሲባጎ ቁርሱን ሳይነካው ተነሳ። ወደ አባቱ ሄዶ ተረከዙን አጋጨና «ጌታዬ፣ ሆዴን አሞኛል» አለ። ይህን ሁሉም ሰምቷል።

«ስካውት ሆድ የለውም!» አሉ ሻለቃ።

ልጆቹ ሳቁ። መሳቅ የተፈቀደበት ጊዜ ከስንት አንዴ ነውና ከልባቸው ሳቁ። «ሻንጣህን አንሳ!» ተባለ፤ አነሳ።

የዚያን ቀን ልምምድ ኮረብታ ወጥቶ መመለስ ነበር። ወደኋላ የቀረ ሰው ሻንጣው ላይ ድንጋይ ይጨመርበታል። ሲባጎ ኋላ ቀረ፤ ተጨመረበት። እንደገና ቀረ፤ እንደገና ተጨመረበት። አባቴ አጠገቡ ሆኖ ሲያየው በቀኝ እጁ ጎኑን ደግፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ነበር የሚራመደው። «ልያዝልህ?» ሲለው ራሱን ነቀነቀ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ በጉልበቱ ወደቀ፤ ከዚያ በጎኑ ተኛ።

ሻለቃ ፊሽካቸውን ነፉ። አልተነሳም። ሁለተኛ ነፉ። ጎንበስ ብለው ግንባሩን ሲነኩት ግን እጃቸውን እሳት እንደፈጀው ሰው መለሱት። ሻንጣውን ከላዩ ላይ ፈትተው ወረወሩት፤ ድንጋዮቹ ቁልቁል ተንከባለሉ። ልጃቸውን አዘሉና ወደ መኪናው መንገድ መሮጥ ጀመሩ። «ጡሩምባ፣ ተከተለኝ! መኪና ካየህ ንፋ!»

አባቴ ከኋላቸው ሮጠ። የሲባጎ አገጭ በአባቱ ትከሻ ላይ ነበር፤ ዓይኖቹ አባቴን ያያሉ፤ ግን የሚያዩት አይመስሉም። ሻለቃ እንደ ወናፍ ይተነፍሳሉ፤ ጫማቸው ጠጠሩን ያንኮሻኩሸዋል። በመሀል ሲባጎ አንድ ነገር ተናገረ። አባቴ ሰማው። ሻለቃ አልሰሙም።

አሸዋ የጫነ መኪና አገኙና ሆስፒታል ደረሱ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። «ጠዋት መጥቶ ቢሆን» አሉ ሐኪሞቹ። ሲባጎ ያቺን ሌሊት ብቻ ነው ያደረው።

ማንም ማንንም አልጠየቀም። «ቀኑ ደርሶ ነው» ተባለ። ወላጆች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ከቡድኑ አስወጡ፤ ቡድኑ ፈረሰ ሳይባል ፈረሰ። የሲባጎ እናት ከቀብሩ በኋላ እዚያ ቤት አላደሩም፤ የስፌት መኪናቸውን በሰው አስወጥተው እህታቸው ወዳሉበት ሌላ ከተማ ሄዱ። አባቴ ጡሩምባውን ለትምህርት ቤቱ መለሰና ሲያድግ አጎቱ ፀጉር ቤት ገባ። እዚያው ሥራ ተማረ፤ አጎቱ ሲያርፍም ቤቱ የእሱ ሆነ።

ሻለቃ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጢማቸውን ሊላጩ ወደ እሱ መምጣት ጀመሩ። ከቤታቸው እስከ አባቴ ሱቅ ሌሎች ፀጉር ቤቶች አሉ፤ ሁሉንም አልፈው ነው የሚመጡት። ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ይላጫሉ፣ «ደህና ዋል» ብለው ይሄዳሉ። ይህ ለዓመታት ቆየ። እናቴ አንጀቷ ያርር ነበር።

«ያ ሰው አንገቱን ሰጥቶህ እጅህ እንዴት አይንቀጠቀጥም?»

«ሰው ነው፤ ጢሙ ያድጋል» ይላታል አባቴ።

አንድ ቅዳሜ ለአባቴ ምሳ ይዤለት መጣሁ። ሱቁ ውስጥ ከሻለቃ በቀር ሰው አልነበረም። ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጋደም ብለዋል። አባቴ በግራ ጉንጫቸው በኩል ጨርሶ ምላጩን እየጠረገ ነበር።

«ጡሩምባ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አቤት፣ ሻለቃ።»

«ያን ቀን አዝዬው ስሮጥ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ጆሮዬ ሥር ነው የተናገረው፤ ግን አልሰማሁትም። አንተ ከኋላ ነበርክ።»

የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ነበርኩ።»

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። ግን ሻለቃ፣ ቢቀርብዎ ይሻላል።»

«ንገረኝ! ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ ወንበር ላይ የምቀመጠው ለጢሜ መሰለህ? ሁልጊዜ ልጠይቅህ እመጣለሁ፤ ሁልጊዜ ሳልጠይቅህ እሄዳለሁ።»

አባቴ ምላጩን አስቀመጠ። «‹ጌታዬ፣ ደክሞዎታል። ያውርዱኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ› ነው ያለው።»

ሻለቃ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጌታዬ አለኝ?» አሉ።

«አዎ።»

«ጀርባዬ ላይ ሆኖም?»

«አዎ፣ ሻለቃ።»

ተነሱ። ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ የፊታቸው ግማሽ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ በሩን ከፍተው ወደ መንገዱ ወጡ። አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያያቸው ነበር። አባቴ አልተከተላቸውም። የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ያን ቀን ነው እስካሁን ያልኩትን ሁሉ የነገረኝ።

እኔ ተቆጣሁት። «‹አባዬ› ብሎዎታል ብትላቸው ምን ነበረበት? ማን ያውቃል?»

«ሲባጎ ያለው ያንን ነው» አለኝ። «የቀረውም ያ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እኔ ልቀማው?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻለቃ አልመጡም። አባቴ ምላጩንና ሳሙናውን በቦርሳ ይዞ ቤታቸው ሄደ፤ እኔም ለብቻው እንዳይሄድ ብዬ ተከተልኩት። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አንድ ክፍል ናት፤ የብረት አልጋው አንሶላ ተወጥሮ የተነጠፈ፣ ጫማዎቹ ግድግዳው ሥር የተሰለፉ። እሳቸው ግን አንደኛው ጉንጫቸው ከሌላው በላይ ጎፍሮ፣ ሸሚዛቸውን አዛንፈው ቆልፈው ነበር። አባቴ ውሃ አሙቆ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይላጫቸው ጀመር።

«ምን ይወድ ነበር?» አሉ ድንገት።

«ማን? ሲባጎ?»

«እኔ የማውቀው ሰልፍ ላይ ነው። አንተ ከሰልፍ ውጭም ታውቀዋለህ።»

አባቴ፣ ያ ወሬ የማይወጣው ሰው፣ ማውራት ጀመረ። ሲባጎ እንቁራሪት ይፈራ እንደነበር፤ የዳቦውን ጫፍ ለጎረቤት ውሻ እየደበቀ ይወስድ እንደነበር፤ ሲያድግ የመርከብ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ ይል እንደነበር፣ መርከብ ሳያይ። «የእርስዎን አረማመድም ይቀዳ ነበር። ሆዳችን እስኪቆስል ነበር የምንስቀው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አባቴ አመነታ። ከዚያ ምላጩን እንደያዘ ደረቱን ነፋ፣ አገጩን አወጣ፣ አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ከአልጋው እስከ በሩ እየተንጎራደደ ሄዶ፣ እንደ በትር ተገትሮ ዞረ። ሻለቃ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቁጭ እሳቸውን ነበር! ሳቃቸው ግን መሀል ላይ ተሰበረና ፊታቸውን በፎጣው ሸፈኑት።

«በደንብ አይቶኛል» አሉ ከፎጣው ሥር። «ያላየሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት ይሄድ ነበር። ጢማቸውን ይላጫል፤ ስለ ሲባጎ ያወራላቸዋል። ወሬው ሲያልቅበት ያንኑ ይደግመዋል፤ እሳቸውም እንደ አዲስ ያዳምጣሉ። እየደከሙ ሄዱ። ከአልጋ በማይነሱበት ጊዜ አንድ ቀን «ይወደኝ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ይፈራዎት ነበር» አለ አባቴ። ፎጣውን እያጠፈም «‹አባዬ አትለውም እንዴ?› ብዬው ግን ‹በሆዴ እለዋለሁ› ብሎኛል» አላቸው።

«በሆዴ አለ?» ሻለቃ መዳፋቸውን የራሳቸው ሆድ ላይ አሳረፉ። «ሆዴን አሞኛል ሲለኝ እኮ . . .» አልጨረሱትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቀብራቸው ላይ የተገኘነው እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ሁሉም ሊበተን ሲል አባቴ ከአጥሩ አጠገብ ብቻቸውን የቆሙ፣ ጥቁር የለበሱ አሮጊት አየ። ወደ መቃብሩ አልቀረቡም። ሄዶ አጎንብሶ ሰላም አላቸው፤ አላወቁትም።

«እማማ፣ ጡሩምባ ነኝ። የሲባጎ ጓደኛ።»

ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ትክ ብለው አዩት። ስለ ሟቹ የሚጠይቁት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሚያዩት የአባቴን ራስ ነበር።

«ሸብተሃል» አሉት።

«ጊዜው ሄደ እኮ፣ እማማ።»

«እንግዲህ የእኔም ልጅ ይሄኔ ሸብቶ ነበር» አሉ።

አባቴ እንዲደርሱበት ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገላቸው። እሳቸውም በዚያ በመርፌ በሻከረ ጣታቸው ከጆሮ ግንዱ ጀምረው ሽበቱን ቀስ እያሉ ይዳብሱት ጀመር። አባቴም ቀና ሳይል ቆየ።