አወል ካሴት እና በገዢው ስም የሚቀዳው ዘፈን

አወል ካሴት አረፈ አሉኝ።

«የትኛው አወል?» አልኩ። በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አወል ካሴት የሚባል አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት። አላመንኩም፣ ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ። እሱም ያው አለኝ።

እንግዲህ ልጻፍ። ወዳጆቼ እንደምታውቁት የማታ ትምህርት የጨረስኩት ገና ዘንድሮ ነው። ይህን የምጽፈው በራሴ ጣት ነው። ስህተት ያገኘ ለራሱ ያርመው፤ ከክፍላችን አንደኛ እኔ ነኝ፣ አስተማሪዋን ጠይቁ።

ለማታውቁት፦ አወል በደርግ ጊዜ ከዚራ ላይ ትንሽ ሙዚቃ ቤት ነበረው። እኔ ዕቃውን የማመላልስለት ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ሌሎቹ ሙዚቃ ቤቶች የአዲስ አበባ ዘፋኞችን ካሴት እያባዙ ነበር የሚያድሩት። አወል እምቢ አለ። ሰው የሚባዛ ካሴት ይዞ ሲመጣ «ባለቤቱን ይዘህ ና፣ አባዛልሃለሁ» ይለዋል። ሰውየው ይስቅና ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

በዚህ ጠባዩ የቀበሌ ቤት ኪራይ እንኳ ይከብደው ነበር። እሱ የሚፈልገው የድሬን ልጆች ድምፅ ራሱ ቀድቶ፣ ራሱ ሸጦ መኖር ነው። ይቻላል ወይስ አይቻልም? ጭንቀቱ ሁሉ ይሄ ነበር።

አንድ ቀን ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ካሴት አሰማኝ። ሰውየው አይዘፍንም። ምቱ ላይ እየሮጠ ያወራል፣ ይፎክራል፣ ይሳደባል። ራፕ የሚለውን ስም ማናችንም አናውቅም።

«ተፌ፣ ይሄን ትችላለህ?»

«አቦ፣ ይሄማ እኔ ፈረሴን የምሰድበው ስድብ ነው!»

እውነቴን ነው። ሂፕ ሆፕ አመጣን የምትሉ ልጆች፣ ጋሪ ነጂ ቀድሟችኋል።

የምንቀዳው በቀትር ነበር። ድሬ በሙቀቱ ሱቋን ዘግታ ስትተኛ ነው ጸጥታ የሚገኘው። ግጥሙ ግን መጀመሪያ ተጽፎ ለፈቃድ መቅረብ አለበት። እኔ አወርዳለሁ፣ አወል ይጽፋል። «ወሪያ፣ ቀስ በል! እጅ ነው እንጂ ሞተር አይደለም!» ይለኛል።

ግጥም የሚመረምረው ሹም ወረቀቱን አገላብጦ «ይሄ ሰነፍ ፈረስ ማን ነው?» አለ። አወል ፊቱን ሳይቀይር «ፈረስ ነው ጌታዬ። ውጭ ታስሯል፣ ይጠየቅ» አለው። ሹሙ በመስኮት አየና ፈረመ።

ካሴቱ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላው መጋላ ገበያ ውስጥ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች አባዝተው በርካሽ ቸበቸቡት። ባዶ ካሴት የገዛው አወል፣ ኦርጋን የተከራየው አወል፣ ለፈቃድ የተመላለሰው አወል። ትርፉ የሌላ ሰው። እኔ ልደባደብ ተነሳሁ፣ እሱ እጄን ያዘኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ካሴት በገዢው ስም እንቀዳለን» አለኝ። ገዢው ቀትር ላይ ይመጣል፤ እኔ መግቢያው ላይ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ሥራውን እገጥምለታለሁ። «የሌላ ሰው ውዳሴ ያለበትን ካሴት ማን ይገዛል?» አለ። ራሱ ኩሩ ስለሆነ ሰው ሁሉ ኩሩ ይመስለው ነበር።

ሳቢያን ሰፈር ቲማቲም የምትሸጥ አሰለፈች የምትባል ሴት ነበረች። ለእሷ የገጠምኩትን ዛሬ ብገጥመው ስልካችሁ ይግል ነበር። የመጋላ አባዢዎቹ የእሷን ካሴት አገኙና አባዙት። ከጀልዴሳ ከሚመጣው ጭነት መኪና እስከ ጫት መቃሚያው ድረስ ከተማው ሁሉ አሰለፈች፣ አሰለፈች ይላል። የሌላ ሰው ስም ነው ብሎ የተወ አንድም ሰው የለም።

አወል ተሸነፈ። ዕቃውን መጠቅለል ጀመረ፣ ቤቱን ለቀበሌ ሊያስረክብ። እኔም ወደ ጋሪዬ ልመለስ።

ስንጠቀልል አሰለፈች ገባች።

«አወል፣ አለህ?»

«አለሁ እህቴ። ስምሽን እንዲህ ያደረጉት እኛ አይደለንም፣ ይቅርታ…»

«የምን ይቅርታ! ቲማቲሜ ቀትር ሳይደርስ ያልቃል። ከጎኔ የምትሸጠው ዘሃራ በቅናት ልትፈነዳ ነው። ለእሷ እንዳትገጥሙላት ልከፍላችሁ ነው የመጣሁት!»

አወል ተቀመጠ። ብዙ አሰበ። «ዝምታ አንሸጥም» አላት። «ስም ግን እንሸጣለን።»

ዘሃራ በማግስቱ መጣች። ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ሙሽሮች። ስማቸው እንዲገባ ይከፍላሉ። የሚያባዙብን ሰዎች ደግሞ በባዶ ካሴታቸው፣ በእግራቸው፣ ማስታወቂያችንን ሳንከፍላቸው ያደርሱልናል። ሊያጠፉን የነበሩት አከፋፋዮቻችን ሆኑ።

ሀብታም አልሆንንም፣ አልዋሽም። ዘፈኑ ብቻውን አብልቶን አያውቅም። ዛሬ ስቱዲዮ የከፈቱ ልጆችም የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ሱቁ ግን አልተዘጋም። አወል፣ ካሴት የሚባል ነገር ራሱ ከገበያ እስኪጠፋ ድረስ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም የሚገጥሙ የድሬ ልጆችን ቀዳ። የሰው ካሴት ሳያባዛ።

አወልዬ፣ በዚያ ሱቅ ገቢ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ዘፋኝ ነኝ እላለሁ፤ እንደዚያ እንድል ያደረግከኝ አንተ ነህ።

ቀብርህ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው አሉኝ። እመጣለሁ። ቃሬዛህን በአንድ ጎን እሸከማለሁ፣ ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ጠንካራው ትከሻ የኔ ነው። መንገዱን ሁሉ ግን አንድ ቃል አይወጣኝም። ተፌን ዝም ያሰኘ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።

ደህና ሁን አቦ።