የአለቃው ባትሪ
ሴትዮዋ ዓመታት የፈጀችው ከሳሙና በማይበልጥ ዕቃ ላይ ነው። ዘመዶቿም «ያ ሳሙናሽ እስካሁን አልሄደም?» እያሉ ይቀልዱባታል። ዕቃው ሴንሰር ነው። ጨረር በሚያጥለቀልቀው ሩቅ ፕላኔት አጠገብ በምታልፍ መንኮራኩር ላይ ተገጥሞ፣ የሚወርድባትን የጨረር ቅንጣት አንድ በአንድ ይቆጥራል። እዚያ ተራ መሣሪያ ወዲያው ድራሹ ይጠፋል። የእሷን ግን በብርድ አድርቃዋለች፣ አንቀጥቅጣዋለች፣ በጨረር ጠብሳዋለች፤ አልተበገረም።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነው፤ እሱን ካላለፈ መንኮራኩሯ ጥላው ትሄዳለች። የሚፈተነው አየሩ ተመጥጦ በወጣ ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ «ጋኑ» ይሉታል። የሴንሰሩ ሲሊከን ብርሃንንም እንደ ቅንጣት ስለሚቆጥር፣ ለጥንቃቄ ሁልጊዜ መብራት አጥፍተው ነው የሚፈትኑት። እሷና ቴክኒሻኑ ብቻቸውን ሲሆኑ ሁሉም ሰላም ነው። አለቃው ከች ሲሉ ግን ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይንጫጫል።

«ሰውየውን ጠምዶ ይዟቸዋል» ይላል ቴክኒሻኑ። እሷ መሳቅ ካቆመች ሰንብታለች።

አንድ ቀን ቁጥሩ ሲንጫጫ ከስክሪኑ ቀና ብላ አየች። አለቃው የጋኑ የመስታወት መስኮት ላይ ተለጥፈው በስልካቸው ባትሪ ወደ ውስጥ ያበራሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ልጃችን እንዴት እንደዋለ ላየው ነዋ!»

ደሟ ፈላ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ያሰቃየን የእርስዎ ባትሪ ነው? ብርሃን አይወድም እኮ!»

አለቃው ባትሪውን አጠፉ፤ ቁጥሩ ዝም አለ። መልሰው አበሩ፤ ተንጫጫ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ፊቱ ላይ ያለው ሽፋን ብርሃን አያስገባም አላልሽኝም? እዚያ ሲደርስ ፀሐይዋን ማን ያጠፋለታል?»

ሰውየው ትክክል ናቸው፤ ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ጋኑ ተከፍቶ ሽፋኑ በማጉያ መነጽር ሲታይ ከፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ ተገኘ። መብራት ማጥፋታቸው ራሱ ቀዳዳውን ደብቆባቸው ኖሯል። በማስቲሽ እንዳትደፍነው፣ ማስቲሽ በዚያ ጨረር እንደሚፈረፈር ያረጋገጠችው ራሷ ናት። አዲስ ሽፋን ማሠራት ወራት ይፈልጋል፤ መንኮራኩሯ ግን አትጠብቅም። ለመነች፣ ተቆጣች፣ የአለቆች በር ላይ ቆማ ዋለች። ሁሉንም ውሃ በላው።

የመንኮራኩሯ ሚዛን እንዳይዛባ ደግሞ ሴንሰሩ ሊገጠምበት የነበረው ባዶ ቦታ መሞላት ነበረበት። «ክብደቱን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?» ብለው አለቃው ሥራውን ለእሷው ሰጧት። ድፍን አሉሚኒየም አስቆረጠች። በሞረድ ትፋቃለች፣ ትመዝናለች፣ ደግሞ ትፋቃለች። አይቆጥር፣ አይሰማ፣ ዝም ያለ ብረት። ከሴንሰሩ ክብደት ጋር ልክ ለልክ አደረገችው።

መንኮራኩሯ የተተኮሰች ዕለት እናቷ ቤት ነበረች። ቴሌቪዥኑ ላይ እሳቱ ሲንቦገቦግ እናቷ እያጨበጨቡ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የኔ ልጅ፣ ያንቺም እዚያ ውስጥ አለ አይደል?»

«ክብደቱ አለ፣ እማዬ» አለች።