የአባባ አውራ ጣት

አባባ ልብስ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በከተማችን የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ሰዓት ያዥ ይሆናል፤ ጊዜው ሲያልቅ ደወሉን የሚጫነው እሱ ነው። ቡድናችን እንደሆነ ዋንጫን በሰው እጅ ካልሆነ አይቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ለፍጻሜ ሲደርስ ታዲያ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ፣ «ጋሼ፣ እየመራን ከሆነ ጣትዎን ፈጠን ያደርጓታል እንግዲህ!» እያለ ይጠቅሰው ጀመር። አባባ በንዴት ሱሪውን መልሶ ይወረውርለታል። ማታ ግን ራቱን ሳይጨርስ ይነሳል። «ሳላስበው ጣቴ ብትቀድመኝስ?» ይላል።

በጨዋታው ቀን በአንድ ነጥብ እየመራን መጨረሻው ደረሰ። ኳሷ በእንግዶቹ እጅ ናት። ከአባባ ጀርባ ተቀምጬ አውራ ጣቱን ከደወሉ በላይ አንሥቶ ሲይዛት አያለሁ። ሕዝቡ «ተጫነው! ተጫነው!» እያለ ይጮህበታል። እሱ ግን ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል ጠበቀ። ልክ ዜሮ ላይ ሲደርስ ተጫነ። ኳሷ ገና ከተጫዋቹ እጅ አልወጣችም ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ ብትገባም ዳኛው ሰረዛት።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። አባባን ትከሻቸው ላይ አወጡት።

«ጣትዎ ይባረክ!» ይሉታል።

«ልጄ ትሙት፣ አልሰረቅኩም!» ይላል፣ በእኔው እየማለ።

«እኛም አላየንም!» ብለው ይስቃሉ።

ቤት ስንደርስ እናቱ በር ላይ ጠበቀችው። ጣቱን አገላብጣ ሳመችና፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳንም ሰረቅክላቸው!» አለችው።

አባባ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ የደስታ መሰለው።