ሞተ የተባለው ቋንቋ

እኔ መጽሐፍ የማጠናው በሽምደዳ ነው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታመልጠኝም። አገር ቤት ያለፍኩት እንደዚያ ነዋ! በዘጠናዎቹ አጋማሽ ግራንድ ፕሬሪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ ኮሌጅ ስማር፣ የታሪክ አስተማሪው ስለ ጥንቶቹ የሜክሲኮ ገዢዎች፣ ስለ አዝቴኮች፣ አወዳደቅ በቃል እንዳቀርብ አዘዘኝ። ቢ ካላመጣሁ ነርሲንግ መግባቴ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ምዕራፉን እንዳለ ሸመደድኩት፤ ሐይቅ ላይ የተሠራችውን ከተማ፣ ከስፔኖች ጋር የገባውን ፈንጣጣ፣ ግብር ያስመረራቸው ጎረቤቶች ከስፔኖች ጎን መሰለፋቸውን፣ ሁሉንም።

በማቀርብበት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አብረውኝ ካርቶን ለሚያሽጉት ሴትዮ አነበነብኩላቸው። ሜክሲኳዊት ናቸው፣ በእናቴ ዕድሜ። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። “ግዛቱ ሲወድቅ ቋንቋውም አብሮ ሞተ” ብዬ ስጨርስ ማኘካቸውን አቆሙ።

“የማን ቋንቋ ነው የሞተው?”

“የአዝቴኮች።”

“ታዲያ እኔ እሁድ እሁድ ከእናቴ ጋር በስልክ የማወራው በምንድን ነው?”

ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ቆመን ስንሠራ ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር! ቲማቲም የሚለው ቃል መነሻው የእነሱ መሆኑን ሲነግሩኝማ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

መኪናዬ ተበላሽታ ስለነበር ወደ ኮሌጅ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ እስክጨርስ ውጭ ሊጠብቁኝ ተስማማን። ክፍል ገብቼ ምዕራፉን አንበለበልኩት። እዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን አፌ እምቢ አለ።

“መጽሐፉ ቋንቋው ሞተ ይላል፤ ውሸት ነው!” አልኩ።

ተማሪው ሳቀ። ወጣቱ አስተማሪ አልሳቀም። “ማስረጃሽ የትኛው መጽሐፍ ነው?” አለኝ።

“መጽሐፍ የለኝም። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ግን ሰው አለኝ።”

“ጥሪያቸዋ።”

ነርሲንጌ በአንድ ሴትዮ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ። ሮጬ ሄጄ ከነሥራ ልብሳቸው እየጎተትኩ አመጣኋቸው። መጀመሪያ አፈሩ፤ ኋላ ስለ እናታቸው ቤት በዚያው ቋንቋ ማውራት ሲጀምሩ የሳቁት ሁሉ ጆሯቸውን ሰጡ። አስተማሪው ደስ ብሎት ጠመኔ ዘረጋላቸው። “እባክዎ ትንሽ ይጻፉልን።”

ጠመኔውን አልተቀበሉትም። “አልችልም። ትምህርት ቤት ይህን ቋንቋ ከተናገርን እንመታ ነበር። ተጽፎም አይቼው አላውቅ።”

በጣም ተናደድኩ። ጠመኔውን ለቀም አድርጌ “እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እጽፋለሁ!” አልኳቸው።

እናቴ ለማለት “ኖናን” አሉ፤ በእኛው ፊደል ጻፍኩት። ቤት ለማለት “ካሊ” አሉ፤ እሱንም ጻፍኩ። ሰሌዳው እስኪሞላ እሳቸው ሲሉ እኔ ስጽፍ ቆየን። ከዚያ ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ በየቃሉ “ልክ ነው!” እያሉ ያጨበጭባሉ። አስተማሪው ቢ ፕላስ ሲል ሳላስበው እልል አልኩ፤ አላፈርኩም።

እሳቸው ግን ገና ሰሌዳውን ያያሉ። የምሳ መያዣ ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

“የመጀመሪያውን ቃል እዚህ ላይ ጻፊልኝ። ለእናቴ እልክላታለሁ።”

“እናትዎ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም እኮ” አልኳቸው።

“እናቴ ምንም ፊደል አታነብም” አሉኝ። “የእኛም ቋንቋ እንደሚጻፍ ትየው።”