አልነሳ ያለው የዕድላዊት ኮምፒውተር

ዕድላዊትና እኔ ሰበታ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እናስተምራለን፤ እሷ አማርኛ፣ እኔ ሒሳብ። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም። ይህን ያነሳሁት ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ ተማሪዎቿ የሚያወሩት ስለ ዓይኗ ሳይሆን ስለ ምላሷ ነው።

ላፕቶፗ ላይ ሁለት ሲስተም ተጭኗል። አንደኛው ዊንዶውስ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ማርክ መሙያ ከሱ ውጭ አይሠራም። ሁለተኛው ሊኑክስ ነው፤ እሱ የጻፈችውን በአማርኛ ያነብላታል። ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው የሁለቱ መምረጫ ግን ድምፅ የለውም። እሷ መላ አበጅታለታለች። ማራገቢያው መጮህ ሲጀምር ትንሽ ትጠብቅና ኢንተርን ትጫናለች፤ ሊኑክሱ ይነሳና ያናግራታል። «ዓይን ያለው ሰው ሳልጠራ የምከፍተው እሱን ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ደብዳቤዋንም፣ የስልክ መልእክቷንም፣ የባንክ ወረቀቷንም ሰው እያነበበላት ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሥራ ስትመለስ እሱ ላይ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ጠይቄያት አላውቅም።

ባሏ ተድላ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነው። ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ልክ የለውም። መንገድ ላይ ክንዷን አይለቅም፣ ሻይዋን እሱ ያማስላል፣ ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደህና ናት» የሚለው እሱ ነው። እኔን እንዲህ ያለው ነገር ያበሽቀኛል። እሷ ግን ፈገግ ብላ ታልፈዋለች፤ እኔም ተመችቷት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሊኑክሱ ራሱን እያደሰ ሳለ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እዚህ አካባቢ መብራት እንዲህ ሲያደርግ ሰው ሁሉ ወደ ሶኬት ይሮጣል፤ ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ዕቃ ያልተቃጠለበት ሰው የለማ። የነተድላም ቴሌቪዥን የሄደው በዚሁ ነው። ተድላ ፍሪጁን ነቀለ፣ ቀጥሎ የላፕቶፑን ገመድ ነቀለ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ማሽኑ ወዲያው ጠፋ።

«ደርሼ ነቀልኩልሽ!» አላት ጓዳ ላለችው ሚስቱ፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ በኋላ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ኢንተር ትጫናለች፣ የሚናገር የለም። «ጥቁር ነው፤ እንግሊዝኛ ተጽፎበታል» አላት ተድላ። እዚያው ሰበታ ወዳለ ጠጋኝ ቤት ወሰዱት። ሰውየው ገና ሳይነካው «ፎርማት ይደረጋል» አለ። እዚህ ላፕቶፕ አስነጠሰም አልነሳም፣ መድኃኒቱ ፎርማት ነው።

«ጽሑፌስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

ዕድላዊት ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቃ ወጣች። ለኔ ደወለችልኝ። ሲያናግረኝ የነበረው ድምፅ የሷ አይመስልም። «ሐኒ፣ ያ ጽሑፍ ከጠፋ እኔ ምንም የለኝም» አለችኝ።

ዓለም ገና ከተማ ኪዳነወልድ የሚባል ሊኑክስ የሚያውቅ ልጅ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበርና በባጃጅ ሦስታችንም ሄድን።

«አካም ጅርቱ! እንዴት ናችሁ! ግቡ፣ ቲቸር» አለን። የሆነውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሲስተሙ አልሞተም። ሲበራ ሁለቱን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው የተበላሸው፤ ቡትሎደር ይባላል። እየታደሰ እያለ መሀል ላይ ተነቅሏል።»

ተድላ መሬት መሬት አየ።

ኪዳነወልድ በፍላሽ የያዘውን ሌላ ሊኑክስ አስነሳና ቡትሎደሩን እንደገና ሊጭን ሞከረ። ማሽኑ «ስሕተት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ላቡን ጠረገ። ዕድላዊት የጣቶቹ ኳኳታ ሲቆም ሰማች።

«ጽሑፌ አለ?»

«አለ፣ አለ።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ቲቸር ሙች፣ አለ! ይኸው እየታየኝ!»

«በይለፍ ቃል የተዘጋ እንዴት ይታይሃል?»

«በፍላሽ ስገባ ያንን አይጠይቀኝም። ይኸው፣ ላንብብልሽ» አለና ከላይ ያገኘውን ፋይል ከፈተ። ሰው ሁሉ ለሷ ሲሆን አንባቢ ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። አፉን በመዳፌ ባፈንኩት ኖሮ!

«ተድላ ዛሬም ጫማዬን አሰረልኝ» ብሎ ጮክ ብሎ ጀመረ። «እጄ ደህና ነው ልለው ፈልጌ፣ ይከፋዋል ብዬ ተውኩት። እንደሚወደኝ አውቃለሁ። ግን እሱ ባለበት እኔ የለሁም። ደክሞ...»

እዚያ ላይ ተድላ የተባለው አጠገቡ የቆመው ባሏ እንደሆነ ገባውና ፋይሉን ዘጋው። ዕድላዊት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ተድላ የሷን ቦርሳ ትከሻው ላይ እንዳነገተ ቆሟል። እኔ አፍሬ ወደ አስፋልቱ ዞርኩ። ሚኒባሶቹ «ሰበታ፣ ሰበታ» ይላሉ።

ኪዳነወልድ ማድረግ የሚችለው ነገር ስለጠፋው ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ለራሱ የሚያወራ ይመስል «ፍላሹን በአሮጌው የማስነሻ መንገድ አስነስቼው ኖሯል፤ ይሄ ማሽን ደግሞ በአዲሱ ነው የተጫነው» አለ። አጥፍቶ በትክክለኛው መንገድ አስነሳው። በዚህኛው ቡትሎደሩ ያለ ስሕተት ተጫነ። ዊንዶውሱም መምረጫው ውስጥ ተመልሶ ገባ። ላፕቶፑን ወደሷ ገፋላት። ማራገቢያው ጮኸ፣ ጠበቀች፣ ኢንተርን ተጫነች። ያ ደረቅ የማሽን ድምፅ ተናገረ። በሌላ ቀን ቢሆን በእልልታ ቤቱን እናቀልጠው ነበር።

በባጃጅ ወደ ሰበታ ተመለስን። ስንወርድ ተድላ እጁን ወደ ክንዷ ዘረጋና መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እሷም በበትሯ መንገዷን ይዛ ገባች።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ላያቸው ሄድኩ። ዕድላዊት እየጻፈች ነበር። ተድላ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቦርሳዋን፣ ጫማዋን፣ ሻይዋን አልነካም። ብዙም ሳልቆይ አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ተድላ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ግን አልሮጠም።

«ልንቀለው?» አላት።

ጣቶቿ ቆሙ። በትዳር ዘመኗ ሁሉ የናፈቀችው ጥያቄ ይህ ነበር። ድምፁ ግን ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢሮ የገባ ሰው ድምፅ ነው።

«ተወው» አለችው።

«እሺ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

መብራቱ ሳይጠፋ ተረጋጋ። ማሽኑ የጻፈችውን የመጨረሻ ቃል አነበበላትና ጸጥ አለ። ዕድላዊት እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። ተድላ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ማንም አልነበረም።