ቢጫው ስድስት ቁጥር

ባለቤቴ እጁን ከሰው ሁሉ ደብቋል፤ ከእኔ ግን አልቻለም። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ እንዴት አድርጎ ይደብቀኛል?

ሥራው ዓሣ ማጥመድ ማስተማር ነው። ከተማው ጫፍ ላይ ካለው ግድብ ዳር የአጥማጆች ማኅበር አለ፤ እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሯል። የሚያስተምረው ግን ትል ሰክቶ ቁጭ ማለት እንዳይመስላችሁ። መንጠቆው ላይ ከላባና ከክር የተሠራች ዝንብ አለች፤ እሷን ሃያ እርምጃ አርቆ ውኃ ላይ ማሳረፍ ነው ጥበቡ። ዝንቧ ራሷ ክብደት የላትም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው። ገመዱን በዘንጉ ወደ ኋላ ትልከዋለህ፣ ከጀርባህ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ሰው ሁሉ የሚበላሸው መጠበቁ ላይ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ «ቆይ... ቆይ... አሁን!» ሲል ስለሚውል ተማሪዎቹ «ጋሽ ቆይ» የሚል ስም አወጡለት። ቤትም ሲመጣ ያው ነው። ምሳ ቀርቧል ስለው «ቆይ»፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል ስለው «ቆይ»። «አሁን» የምትለዋን ለተማሪዎቹ ጨርሷት ነው የሚመጣው።

ባለፈው ክረምት ከግድቡ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ አንሸራቶት የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ከሦስት ወር በኋላ ጀሶው ሲወልቅ ትንሿ ጣቱና ከጎኗ ያለችው አይሰሙም ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝና በመርፌ ጠቅ አድርጌ አይቻቸዋለሁ፤ ምንም። ሐኪሙ «ነርቭ ነው፤ ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለን። እሱንማ እኔም ሳልማር አውቀው ነበር። ባሌ ለማኅበሩ «ድኛለሁ» ብሎ ሥራ ገባ። በአፉ እያስተማረ፣ ማሳየት ሲመጣ ለባልደረባው እያሳለፈ አንድ ወር እንደ ምንም ገፋ። ከዚያ ማስታወቂያው ተለጠፈ።

አዲስ ኃላፊ መጥቶ ነበር፤ ወጣት፣ ወረቀት የሚወድ። አስተማሪ ሁሉ ይፈተን አለ። ውኃው ላይ አንድ ክብ ይንሳፈፋል፤ በአምስት ውርወራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ዝንቧን እዚያ ውስጥ ያላስገባ ከማስተማር ተነሥቶ ዕቃ ቤት ይመደባል። ደመወዙ አይነካም።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ዕቃ ቤትም ሥራ ነው» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«አንቺ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የዕቃ ቤቱ መስኮት የሚያየው ወደ ውኃው ነው። ሌላው ሲያስተምር በመስኮት እያየሁ ልዋል? እሱንስ ከማይ ቁሜ ቢቀብሩኝ ይሻለኛል።»

እሱ ሲናደድ የሚጮህ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ሲናገር ፈራሁ።

ለፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ፣ ሦስት ዘንግ አስይዤ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው ኳስ ሜዳ ወሰድኩት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ሃያ እርምጃ ላይ አስቀመጥኩና ጠመኔዬን ያዝኩ። በእያንዳንዱ ዘንግ አሥር አሥር ውርወራ ተባባልን።

መጀመሪያ ጥቁሩን የካርቦን ዘንግ አነሣ፤ የሚሳሳለትን፣ እንደ ልጅ የሚወለውለውን። ካርቦን ደረቅና ፈጣን ነው፤ የሚታጠፈው ጫፉ ብቻ ነው። መቼ መቆም እንዳለበት ጣት ካልነገረው እጅ አያውቅም። ከአሥሩ አንዱም ሳፋው ውስጥ አልገባም፤ እንዲያውም አንዱ ጫማዬ ላይ ዐረፈ። ቀጥሎ አረንጓዴው። እሱ ፋይበርግላስ ነው፣ ከመስታወት ክር የተሠራ፤ ግን ስምንት ቁጥር፣ ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይከብዳልና ለትልልቅ ዓሣ የተሠራ ድልብ። ሁለት አገባበትና አንጓውን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ቢጫው ነበር። እሱም ፋይበርግላስ፣ ስድስት ቁጥር፣ መካከለኛ፤ ለወንዝ አይከብድ፣ ለሐይቅ አይቀል። ማኅበሩ ለጀማሪ የሚያውሳቸው ሁለት ቢጫ ዘንጎች አሉት፤ አንዱን፣ ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶቹን በክር ጠምጥሜ እንዳስርለት፣ ቤት አምጥቶት ነው። ይሄ ዘንግ ሲታጠፍ ከጫፉ እስከ እጀታው፣ እየተለጠጠ፣ ቀስ ብሎ ነው። የገመዱ ክብደት እስከ መዳፍ ይወርዳል። ጣት ባይሰማ መዳፍ ይሰማል።

ሰባት አገባ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ይሄ ነው!» አልኩት።

«ይሄ የጀማሪ ነው።»

«ሰባት አገባህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

«የጀማሪ ነው አልኩሽ። ሙዝ የመሰለ ዘንግ ይዤ ተማሪዎቼ ፊት ልቁም? ምን ይሉኛል?»

«አገባ ይሉሃላ!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ግን እኔ የማላየው ሲመስለው ቢጫውን ያነሣና ጫፉን ኮርኒሱ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደጋግሞ ያጥፈዋል። እጁ መርጦ ጨርሷል፤ እምቢ ያለው አፉ ነው። ተውኩት፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይዞት ይሄዳል ብዬ።

ለፈተናው አራት ቀን ሲቀር ከሱቅ ስገባ ቤቱ በቀለም ሽታ ታፍኗል። መስኮቱ ላይ ዘንግ ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር። ጥቁሩ የካርቦን ዘንግ ግን ጥግ ላይ ቆሟል። ቀና ብዬ ደግሜ አየሁት። መኪና ቀቢው ጎረቤታችን በሰጠው ቀለም ቢጫውን ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀብቶታል!

«ካርቦን አይመስልም?» አለኝ። ደስ ብሎታል እኮ! እጁ ሁሉ ቀለም ሆኖ እንደ ሕፃን ይስቃል።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል» አልኩት፣ «በእኛ ቤት ደግሞ የሚያጥበው ባልየው ነው! ሰው ሲያረጅ ፀጉሩን ይቀባል፤ ዘንግ የሚቀባ ባል የተሰጠው ለእኔ ብቻ ነው!»

«ቆይ፣ ይድረቅና ታያለሽ።»

ደረቀ፣ አየን። ሦስት ድርብ ቀለም ለመኪና በር ምንም አይደለም፤ ለዘንግ ግን ካፖርት ነው። ጫፉ ከበደ፣ ወገቡ ደነዘዘ፣ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ከአሥር አንድ። ያኔ ላብ አጠመቀው፣ አሳዘነኝም። ቤት ገብቶ ቀለሙን በቢላ መፋቅ ጀመረ። ይሄ ሰው እኮ ተማሪዎቹን «ፋይበርግላስ አይፋቅም፤ ክሩ ከተቆረጠ ዘንጉ አለቀ» እያለ የሚቆጣ ሰው ነው! ተው አልኩት፣ ለመንኩት፣ ቢላውን ልቀማው ሞከርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። በማግስቱ ሜዳው ላይ ሁለተኛዋን ሲወረውር ዘንጉ መሃሉ ላይ ቀጭ አለ።

ብዙ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። የተሰበረውን ለቅሞ ኮቱ ሥር ሲደብቅ ሳየው አንጀቴን በላው፣ አንዱንም አልተናገርኩም።

«ሁለተኛውስ ቢጫ?» አልኩት ቤት እንደደረስን።

«ጥርስ ሐኪሙ ጋ ነው። ቤቱ ወስዶ እየተለማመደበት ነው።»

«ታዲያ ሂድና ጠይቀዋ!»

«እሱን? መንጠቆውን የራሱ ጆሮ ላይ የሰካውን ሰውዬ? ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሬው አንድ ቀን ቀጥ አድርጎ ያልወረወረውን? ሄጄ ዘንግህን አውሰኝ ልበለው?»

«አዎ!»

«አይሆንም። ጥቁሩን እይዛለሁ። በቃ።»

በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ልብሴን ለብሼ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ልሄድ እንደተነሣሁ እኔና በሩ እናውቃለን። ግን ምን ብዬ? ባሌ እጁን ደብቆ እያስተማረ ነው ልበል? የእሱ ምስጢር ነው፤ ያወጣሁት እንደሆነ አይምረኝም። ተመልሼ ልብስ እሰፋለሁ፣ የሰፋሁትን እፈታለሁ። የአንዲት ደንበኛዬን እጅጌ ገልብጬ ገጥሜው ሳቀችብኝ።

የፈተናው ጠዋት አብሬው ሄድኩ። አልከለከለኝም። አስተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ተማሪዎቹም ከፈተናው በኋላ ትምህርት ስላላቸው ዘንግ ዘንጋቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ቆመዋል። ጥርስ ሐኪሙም አለ፤ ረጅም፣ ቆብ ያደረገ፣ ቢጫው ዘንግ በእጁ። ኃላፊው ሰሌዳ ላይ የተቆነጠጠ ወረቀት ይዟል። የመጀመሪያው አስተማሪ አምስቱንም አገባ። ሁለተኛው ሦስት አግብቶ እፎይ አለ። ሦስተኛው የእኔው ነበር።

ከአምስቱ በፊት አንድ የሙከራ ውርወራ ይፈቀዳል። ጥቁሩን አነሣ። ወደ ኋላ ላከው፣ ቸኮለ፣ ወደ ፊት ሲያመጣው ገመዱ አየር ላይ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ተከመረ። አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁን ቶሎ ዋጠው፤ ግን ሁላችንም ሰምተናል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ እንደዚያ ሲወረውር ያየው ሰው የለም። አጥሩን ያዝኩ።

«ይጀምሩ፣ ጋሼ» አለ ኃላፊው።

ባሌ ገመዱን ሰበሰበ። ሲሰበስብ ቆየ። ከዚያ ጥቁሩን ዘንግ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። ጥሎ ወደ ቤት ሊሄድ መስሎኝ ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ዶክተር፣ ዘንግህን አውሰኝ።»

ሰውየው ቀልድ መሰለው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጀማሪ ነው።»

«አውቃለሁ። በዚያኛው አልችልም። ሁለቱ ጣቶቼ አይሰሙኝም። ከተሰበርኩ ጀምሮ አይሰሙኝም። በዚህኛው ግን ትንሽ ትንሽ እችላለሁ።»

ጥርስ ሐኪሙ ቆቡን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ እንጃ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ ሰጠው። ኃላፊው ግን ወረቀቱን እያገላበጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄንን አላሳወቁም። የጤና ጉዳይ ከሆነ...»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ማስታወቂያው ሦስት ይግባ ነው የሚለው!» ብዬ ከአጥሩ ጮኽኩ። «በስንት ጣት አይልም!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባሌ ብቻ አልዞረም። ኃላፊው ወረቀቱን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ጆሮውን አከከ። «እውነት ነው፣ አይልም» አለ። «ይቀጥሉ።»

አሁን ምስጢሩ ወጥቷል። ካላገባ ሥራውም ክብሩም አብረው ሊሄዱ ነው።

የመጀመሪያዋ አጠረች። ክቡ ጋ ሳትደርስ ወደቀች። ሁለተኛዋ ገባች። ሦስተኛዋም ገባች፤ ተማሪዎቹ ሊያጨበጭቡ ሲሉ ጥርስ ሐኪሙ በክርኑ ዝም አሰኛቸው። አራተኛዋን ሲወረውር ነፋስ ተነሣና ዝንቧ የክቡን ጠርዝ ነክታ ወደ ውጭ ተንሸራተተች። ኃላፊው ወረቀቱ ላይ ጭረት አደረገ። የቀረው አንድ ነው።

ባሌ ቆመ። ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቀ። ካለፈም በኋላ ጠበቀ። ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ከአጥሩ ይታየኛል። ከዚያ ገመዱን ወደ ኋላ ላከው። ቢጫው ዘንግ እስከ እጀታው ተለመጠ፤ ገመዱ ከጀርባው መዘርጋት ጀመረ። እኔ በሆዴ አሁን፣ አሁን፣ በል እንጂ እላለሁ። እሱ አልቸኮለም። ረሳው እንዴ እስክል ድረስ ጠበቀ። ወደ ፊት ሲያመጣው ገመዱ ውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ ዝንቧ ክቡ መሃል ኮሽ ሳትል ዐረፈች።

«ሦስት» አለ ኃላፊው፣ ጻፈ። ከዚያ የሆነውን ጭብጨባ አልነግራችሁም፤ እኔ ራሴ እያለቀስኩ ስለነበር በደንብ አላየሁትም።

ጥርስ ሐኪሙ ዘንጉን ሊቀበል ጠጋ ብሎ እጁን ዘረጋ። ባሌ አልሰጠውም። ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ሮጬ ሄድኩ፤ ነገሩ ገብቶኛል። ቤትም እንደዚህ ይሆናል፤ አጥብቆ ከያዘ ጣቶቹ እንደ ተቆለፉ ይቀራሉ። ማንም ሳያይ ልፈታለት ነበር ሐሳቤ፤ ግን ሁሉም እያየ ነው፣ እሱም እጁን አልሸሸገም። ከትንሿ ጣት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ አነሣኋት። ከጎኗ ያለችዋንም አነሣኋት። እሱ ዓይኑን ከክቡ ላይ አልነቀለም፤ እጁን መያዜን እንኳ አላወቀም። መሃል ጣቱ ላይ ስደርስ ነው ደንገጥ ብሎ የዞረው።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።